ለድሮ ሞተር ሳይክል ሞተር የትኛው የብሎን አጠባበቅ ይሻላል? እጅ፣ ሚዛን፣ መርፌ፣ ጠቅታ ወይስ ዲጂታል

የድሮ ሞተር ሳይክል ሞተር ሲፈታ ሁሉም ሰው የሚጨነቀው ስለ ፒስተኑና ስለ ፋሻው ነው። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ግን መልሶ ሲገጠም ነው። አንዱ ብሎን ከልክ በላይ ይጠብቅና የአሉሚኒየሙን ጥርስ (ብሎኑ የሚነክስበትን ጠመዝማዛ) ይዞ ይወጣል። ሌላው ይላላና ከጥቂት ቀን በኋላ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሦስተኛው ደግሞ "ትንሽ ልጨምርለት" ሲባል ቀጭ ብሎ ይቆረጣል። ግማሹ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ "በምን ላጥብቀው?" የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አማራጩ ብዙ ነው። እያንዳንዱም የሚያዋጣበት ቦታ አለው። የእኔ አቋም ከመጀመሪያው ግልጽ ይሁን። በድሮ ሞተር ላይ ከየትኛውም መሣሪያ በፊት የጥርሱ ጤንነት ይቀድማል። መሣሪያ መግዛት ካስፈለገ ደግሞ ትንሹ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ ቁልፍ) ከትልቁ ይቀድማል። ብዙ ሰው ሁለቱንም ገልብጦ ነው የሚጀምረው።

ቶርክ ሬንች የሚለካው ምኑን ነው?

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ስፕሪንግ ይለጠጣል። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ከሲሊንደሩ ጋር ጨምቆ የሚይዘው ያ መለጠጥ ነው። እኛ የምንፈልገውም እሱን ነው። ግን በቀጥታ አንለካውም። የምንለካው ብሎኑን ለማዞር የፈጀብንን ጉልበት ነው።

ከዚያ ጉልበት ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ጭንቅላት ሥር በሚፈጠረው ሰበቃ ያልቃል። 40 በመቶ ገደማው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ይጠፋል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚተርፈው 10 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው የድሮ ሞተር ለምን እንደሚያስቸግር ይገባዋል። ጥርሱ ላይ ዝገት ወይም የደረቀ ማሸጊያ ካለ ሰበቃው ይጨምራል። ሬንቹ ጠቅ ይላል፣ ቁጥሩ ይሞላል፣ ብሎኑ ግን በቅጡ አልተለጠጠም። ማንዋሉ (የሞተሩ የጥገና መመሪያ) ደረቅ ያለውን ጥርስ ዘይት ስትቀቡት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። መሣሪያው በሁለቱም ጊዜ ትክክል ነው። የተሳሳተው ጥርሱ ላይ ያለው ሁኔታ ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ የሞተሩ የራሱ ማንዋል ነው። ማንዋሉ ለአንድ ብሎን ልዩ ቁጥር ካልሰጠ ወደ አጠቃላዩ ሠንጠረዥ ይኬዳል። ሆንዳ በጥገና ማንዋሎቹ የሚያስቀምጠው አጠቃላይ መለኪያ ለብዙ የጃፓን ሞተሮች ጥሩ መነሻ ነው። ለ5 ሚሊ ሜትር ብሎን 5 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ጉልበት መለኪያ)፣ ለ6 ሚሊ 10፣ ለ8 ሚሊ 22፣ ለ10 ሚሊ 34፣ ለ12 ሚሊ 54 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ ሚሊ ሜትሮች የጥርሱ ውፍረት ናቸው። የቁልፉ ቁጥር አይደሉም። በ10 ቁልፍ የሚፈታው ብሎን ብዙውን ጊዜ ባለ 6 ሚሊ ነው። በ12 ወይም በ13 ቁልፍ የሚፈታው ባለ 8 ሚሊ ነው። በ14 ወይም በ17 የሚፈታው ደግሞ ባለ 10 ሚሊ ነው። ሥራ ላይ ግን ሁሉም በቁልፉ ስለሚጠራው "የ10 ብሎን" ይባላል። ያንን ይዞ ሠንጠረዡ ላይ 10 ሚሊ የሚለውን ያየ ሰው፣ 10 የሚበቃውን ብሎን በ34 ያጠብቀዋል። ብሎኑም ጥርሱም አይተርፉም። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ካላችሁ ጥርሱን ለኩት።

የመለኪያ ዓይነትም እንዲሁ ያሳስታል። የቆዩ የጃፓን ማንዋሎች በኪሎ ግራም ሜትር ይጽፋሉ። በ9.8 ስታባዙት ኒውተን ሜትር ይሆናል። የእንግሊዝና የአሜሪካ ማንዋሎች ፉት ፓውንድ ይላሉ። እሱን በ1.36 አባዙ። ኢንች ፓውንድ የሚባልም አለ። ከፉት ፓውንድ በ12 እጥፍ ያነሰ ነው። ሁለቱን ያምታታ ሰው ብሎኑን በ12 እጥፍ ሊያጠብቀው ነው። ከማጥበቃችሁ በፊት የመለኪያውን ዓይነት ሁለቴ አንብቡ።

በእጅ ስሜት

በእጅ ስሜት ብቻ ሞተር ገጥመው የሚያስነሱ ጎበዝ መካኒኮች አሉ። እጃቸው የተማረው በብዙ ሥራ ነው፤ አከብራቸዋለሁ። ግን እጅ አንድ የታወቀ ድክመት አለው። ትንሹን ብሎን አብዝቶ፣ ትልቁን ደግሞ አሳንሶ ያጠብቃል። የድሮ ሞተር ሳይክል ሞተር ላይ ያለው አብዛኛው ብሎን ባለ 6 ሚሊ ነው። እጅ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው።

ስሜቱን በቁጥር እንየው። 10 ኒውተን ሜትር ማለት በ10 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ገደማ መጫን ነው። ቁልፉ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 ኪሎ ይበቃል። ባለ 30 ሳንቲ ሜትር እጀታ ከያዛችሁ 3 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ለጠንካራ ክንድ ይህ ምንም አይደለም። በረጅም እጀታ ትንሽ ብሎን ማጥበቅ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። በእጅ የምትሠሩ ከሆነ አጭር ቁልፍ ያዙ። ወይም ቲ ቅርጽ ያለውን ቁልፍ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ብቻ ይዛችሁ አዙሩ።

እጅ የሚበቃባቸው ቦታዎች አሉ። የጎን ሽፋኖች፣ የሰንሰለት መከለያ፣ የገመድ መያዣዎች። ቴስታታ፣ የካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) መያዣና የፒስተን ክንድ ብሎን ግን በእጅ ስሜት አይነኩም። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ቁልፍና የመንጠልጠያ ሚዛን

ይህን አማራጭ ብዙ ሰው አያስበውም። ቶርክ ሬንች ለሌለው ግን ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። የሚያስፈልገው ተራ ቁልፍና የመንጠልጠያ ሚዛን ብቻ ነው።

ከብሎኑ መሃል ጀምራችሁ እጀታው ላይ በትክክል 20 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ሚዛኑን እዚያ አስሩት። ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርታችሁ ሳብ አድርጉ። ሚዛኑ 5 ኪሎ ሲያነብ ብሎኑ ላይ ያረፈው 1 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። ይኸውም 9.8 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ለ22 ኒውተን ሜትር 25 ሳንቲ ሜትር ላይ 9 ኪሎ ሳቡ።

ደካማ ጎኑ ፍጥነትና ቦታ ነው። ጠባብ ጥግ ውስጥ ሚዛን አይገባም። ገመዱ ከ90 ዲግሪ ከወጣ ንባቡ ይዋሻል። ግን ሒሳቡ የማያጠራጥር ነው። የቶርክ ሬንቻችሁን ጤንነት ለመፈተሽም ይኸው ዘዴ ያገለግላል።

ባለ መርፌው ሬንች

ይህ ሬንች ውስጡ ስፕሪንግ የለውም። ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ የቀረው መርፌ የሬንቹ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ያሳያል። አሠራሩ እንዲህ ቀላል ስለሆነ በቀላሉ አይበላሽም። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ መርፌው ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት ነው። ዜሮ ላይ ከሌለ መርፌውን ቀስ ብሎ አጥፎ ማስተካከል ይቻላል።

ሌላ ደግ ነገር አለው። ጉልበቱ ሲጨምር እያያችሁ ነው የምታጠብቁት። ጥርስ መላጥ ሲጀምር ብሎኑ እየዞረ መርፌው ባለበት ይቆማል። አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል። በድሮ ሞተር ላይ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። እዚያው ላይ ታቆማላችሁ። የጠቅታው ሬንች ይህን አይናገርም። ጠቅ እስኪል ጠብቁኝ ነው የሚላችሁ።

ችግሩ መርፌውን ፊት ለፊት ማየት ይጠይቃል። ከጎን ካያችሁት ቁጥሩ ይዛባል። ሞተሩ ሻሲው ላይ እያለ ከታንከሩ ሥር ያለውን ብሎን በዚህ ማጥበቅ አንገት ያስጠመዝዛል። ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ከወረደ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አላውቅም።

ባለ ጠቅታው ሬንች

በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ቁጥሩን እጀታው ላይ ትሞላላችሁ፣ ስትደርሱ ጠቅ ይላል። ፈጣን ነው። ዓይን አይፈልግም። ብዙ ብሎን በተከታታይ ለሚያጠብቅ ሰው ይመቻል።

ዋናው ነገር ክልሉ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ትልቁን ነው፤ ለመኪና ጎማ የሚሆነውን፣ ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚደርሰውን። ያ ሬንች ለሞተር ሳይክል ሞተር አብዛኛው ብሎን አይሆንም። 10 ኒውተን ሜትር ክልሉ ውስጥ የለም። 22ም የለም። ክልሉ ዝቅ ብሎ ቢጀምር እንኳ የጠቅታ ሬንች ከትልቁ ቁጥሩ 20 በመቶ በታች አይታመንም። ስለዚህ ለድሮ ሞተር መጀመሪያ መግዛት ያለባችሁ ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የሚሠራውን ትንሹን ነው። ከ20 እስከ 100 የሚደርሰው ሁለተኛ ይምጣ። እሱ ለፍሪሲዮን (ክላች) ዳዶ፣ ለማግኔቱና ለመሳሰሉት ይሆናል።

ትንሹ ሬንች ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ጠቅታው ደካማ ነው። ጫጫታ ባለበት ቦታ ጆሮ ያመልጠዋል። መሐል እጃችሁ ላይ የሚሰማውን ትንሽ መንሸራተት ጠብቁ። ጀማሪ ከሆናችሁ መጀመሪያ በጠረጴዛ መያዣ የታሰረ ብሎን ላይ ደጋግማችሁ ሞክሩት። ጠቅ ካለ በኋላ ደግማችሁ አታስጮሁት። እያንዳንዱ ተጨማሪ ጠቅታ ብሎኑን ትንሽ ሊያዞረው ይችላል።

አያያዙም ይቆጠራል። ሥራ ሲያልቅ እስከ ትንሹ ቁጥሩ አላሉት፤ ከዚያ በታች ግን አትፍቱት። በእሱ ብሎን አትፍቱበት። ከወደቀ ሳይፈተሽ አትመኑት። አይኤስኦ 6789 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት በ12 ወር ወይም በ5,000 ጊዜ ማጥበቅ፣ በቀደመው ይፈተሽ ይላል።

ዲጂታሉ

ቁጥሩን በስክሪን ያሳያል፣ ሲደርስ ይጮኻል ወይም ይንቀጠቀጣል። መለኪያውን ከኪሎ ግራም ሜትር ወደ ኒውተን ሜትር ራሱ ይቀይራል። የድሮ ማንዋል ለሚያነብ ይህ እረፍት ነው። እንደ መርፌው ጉልበቱ ሲወጣ ያሳያል፣ እንደ ጠቅታው ደግሞ መድረሱን ያሳውቃል።

ባትሪ ይፈልጋል። ዘይትና እርጥበት አይወድም። ከመጀመራችሁ በፊት ምንም ሳይነካ አስቀምጣችሁ ዜሮ ማድረግ አለባችሁ። ገንዘቡ ላለው ጥሩ ነው። ከአንድ ዲጂታል ይልቅ ግን ጥሩ ትንሽ ጠቅታና የጥርስ መጠገኛ ስብስብ ብትይዙ እመርጣለሁ። የድሮ ሞተር የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው።

ለማናቸውም ሬንች የሚሠራ አንድ ሕግ አለ። ከብሎኑ ጋር ቀጥ ብሎ የሚቆም ማስረዘሚያ ቁጥሩን አይለውጥም። ወደ ፊት የሚያስረዝም ጫፍ ግን ይለውጣል። ሬንቹ 30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጫፉ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ካስረዘመው፣ 22 ለማግኘት 19 ገደማ ነው የምትሞሉት። ጫፉን በ90 ዲግሪ ወደ ጎን ካዞራችሁት ግን ማስላት አያስፈልግም።

በማዕዘን ማጥበቅ

አዳዲስ ሞተሮች በቶርክ ጀምረው በዲግሪ ይጨርሳሉ። በድሮዎቹ ብዙም አይገጥማችሁም። አንድ ቦታ ግን ዛሬም ይጠቅማል፤ ካንዴላ ላይ። ሮንዴላ ያለው ባለ 14 ሚሊ አዲስ ካንዴላ በእጅ እስኪቀመጥ ይዞርና ከዚያ ግማሽ ዙር፣ ቢበዛ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጨመርለታል። ያገለገለ ካንዴላ ሮንዴላው ቀድሞ ስለተጨፈለቀ አንድ አሥራ ሁለተኛ ዙር ይበቃዋል። በሬንች ከሆነ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ ለ14 ሚሊ ከ25 እስከ 30፣ ለ12 ሚሊ ከ15 እስከ 20፣ ለ10 ሚሊ ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ነው።

ደረቅ፣ ዘይት ወይስ ሙጫ?

ማንዋሉ ምንም ካላለ ብዙውን ጊዜ ንጹሕና ደረቅ ጥርስ ማለቱ ነው። "ጥርሱንና መቀመጫውን ዘይት ቀቡ" ካለ ደግሞ ይቀባል። የቴስታታ ዳዶዎች ላይ ብዙ ጊዜ ይህ ትእዛዝ አለ። ደረቅ የተባለውን በዘይት ካጠበቃችሁ ቁጥሩን ከ15 እስከ 25 በመቶ መቀነስ ይኖርባችኋል። ግምት ውስጥ ከመግባት ግን እንደተባለው ማድረጉ ይሻላል።

የብሎን ሙጫ ደግሞ በመንቀጥቀጥ ለሚላላው ነው። የስታተር (የኤሌክትሪክ ማመንጫው) ብሎኖች፣ ሰንሰለቱን የሚያዞረው የፊት ጥርስ፣ የማርሽ መያዣው። ሰማያዊው በእጅ መሣሪያ ይፈታል። ቀዩ ግን 250 ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ አይለቅም። አሉሚኒየም ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ብሎን ላይ ቀዩን አታድርጉ። ሲፈታ ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

ካንዴላ ላይ የመዳብ ቅባት የመቀባት ልማድ አለ። ፀረ ዝገት ልባስ ላለው ካንዴላ አያስፈልግም። ቅባቱ ሰበቃውን ስለሚቀንስ ካንዴላው በዚያው ቁጥር አልፎ ይጠብቃል። የጭስ ማውጫው ዘንጎች ላይ ግን ቅባቱ ቦታው ነው።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ታችኛው ጫፉ የተዘጋ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም የማጽጃ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ከቀረ፣ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹን ይገፋዋል። ፈሳሽ አይጨመቅም። የአሉሚኒየሙ አካል ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹን በአየር ንፉ። ዓይናችሁን ሸፍኑ።

ጥርሱን ማጽዳት

"አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" የተባለው እዚህ ላይ ልክ ነው። ጥርስ ማውጫ ታፕ አስገብቶ ማጽዳት የተለመደ ነው። ግን ታፕ ይቆርጣል። ከተደከመ አሉሚኒየም ላይ እንደገና ሲቆርጥ ጥርሱን ያሳሳዋል። የተሻለው ተመሳሳይ አሮጌ ብሎን ወስዶ፣ ጥርሱ ላይ ከጫፍ ወደ ላይ በመጋዝ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን መስመር ማውጣት ነው። የመስመሮቹን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱ። ትንሽ ዘይት ነክታችሁ በጣታችሁ አዙራችሁ አስገቡት። ቆሻሻው መስመሮቹ ውስጥ ይገባል። አውጡት፣ ጥረጉት፣ ድገሙት። ጥቁር ዱቄት መውጣቱን ሲያቆም ጨርሳችኋል። ብልጭ የሚል የብር ቀለም ያለው ፍቅፋቂ ከወጣ ግን ጥርሱ ራሱ እየተላጠ ነው።

አሮጌው ብሎን፣ አዲስ ወይስ የማይዝግ ብረት?

አሮጌው ብሎን ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ ያልተጎዳ፣ አንገቱ ያልቀጠነ ከሆነ ለሽፋን ይሆናል። የፒስተን ክንድ ብሎኖች ግን ከተቻለ ሁልጊዜ አዲስ፣ ለዚያው ሞተር የተሠሩ ይሁኑ። እነሱ ከተቆረጡ ሞተሩ ራሱን ነው የሚበሳው።

ተራ አዲስ ብሎን ስትተኩ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ። 8.8 ማለት ከመበጠሱ በፊት 800 ሜጋ ፓስካል ይችላል፣ ከ640 በኋላ ግን ተለጥጦ አይመለስም ማለት ነው። 10.9 የተጻፈበትን አውጥታችሁ 8.8 አታስገቡ። የማይዝገው ብረት ያምራል። ብዙ ሰው ሞተሩን ለማሳመር ሁሉንም በእሱ ይቀይራል። በብዛት የሚገኘው ዓይነት ግን 450 ላይ ነው መለጠጥ የሚጀምረው። ከአሉሚኒየም ጋር እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ያስበላዋል። ለሽፋን፣ ጥርሱ ተቀብቶ፣ እሺ። ለቴስታታ አይሆንም።

የድሮ የጃፓን ሞተሮች የጎን ሽፋን በመስቀለኛ ብሎን የታሰረ ነው። ብዙዎቹ ጭንቅላታቸው ተላልጦ ነው የምታገኟቸው። ምክንያቱ ጉልበት ብቻ አይደለም። እነዚያ ብሎኖች የጃፓን መስፈርት መስቀል ነው ያላቸው። ተራው የፊሊፕስ ካቻቢቴ እስከ ታች ስለማይገባላቸው ሽቅብ እየዘለለ ይልጣቸዋል። ትክክለኛውን የጃፓን ካቻቢቴ ያዙ። የቆለፈውን በመዶሻ የሚመታው የእጅ ኢምፓክት ያላቅቀዋል። በአለን ብሎን (ጭንቅላቱ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ባለው) መቀየሩም ጥሩ ነው። ግን አለን ኪ ረጅም ክንድ አለው። ካቻቢቴ በሚላጥበት ጉልበት ላይ እሱ ገና መጀመሩ ነው። ሽፋኖቹ ላይ የተላጡት ጥርሶች ብዙዎቹ የአለን ብሎን ከገባ በኋላ የተላጡ ናቸው። ለ6 ሚሊ 10 ኒውተን ሜትር ሞልታችሁ አቁሙ።

ጥርሱ ተልጦ ከተገኘስ?

በጣም ቀላሉን መጀመሪያ ሞክሩ። የቀዳዳውን ጥልቀት በቀጭን ሽቦ ለኩ። ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ቀዳዳውን ከብሎኑ ርዝመት በላይ ጥርስ አውጥቶለታል። 5 ሚሊ የሚረዝም ብሎን ካስገባችሁ ታች ያለውን ያልተነካ ጥርስ ይይዛል። አሉሚኒየም ውስጥ ብሎን የውፍረቱን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ መግባት አለበት። ለ6 ሚሊ ከ9 እስከ 12 ሚሊ ማለት ነው። ብሎኑ ታች ወለሉን እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። ወለሉን ከነካ ሬንቹ ጠቅ ይላል፣ ሽፋኑ ግን አልተያዘም።

ይህ ካልሆነ ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ሄሊኮይል የሚባለው የሽቦ ጥቅል ነው። ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል፣ ለ6 ሚሊ በ6.3 ገደማ መሰርሰሪያ። አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ሽቦው ይገባል። ግድግዳው ቀጭን ለሆነ ቦታ የተመረጠ ነው። በሚገባ ከተሠራ ከመጀመሪያው የአሉሚኒየም ጥርስ የበለጠ ይይዛል። ሁለተኛው ወፍራሙ የብረት ቡሽ ነው። በዙሪያው ሰፋ ያለ አሉሚኒየም ይፈልጋል። ደጋግሞ ለሚፈታ ቦታ ግን እሱ ይሻላል፤ ለካንዴላና ለዘይት ማፍሰሻው። ሽቦው እዚያ ሲደጋገም ከብሎኑ ጋር ተያይዞ ሊወጣ ይችላል።

ባለ 6 ሚሊውን ቀዳዳ ወደ 8 ማስፋት ብዙ ጊዜ ይደረጋል። ብዙ ጊዜም ከዳር ያለውን አሉሚኒየም ይሰነጥቃል። በሙጫ መሙላት ደግሞ ለሽፋን ብቻ፣ ያውም ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው። ከቴስታታ ሥር የተደበቀ ሙጫ ሙቀቱን አይችልም።

ቅደም ተከተሉ

ጥሩ ሬንች ይዞ በዘፈቀደ የሚያጠብቅ ሰው ቴስታታውን ያጣምመዋል። ከመሃል ጀምሩ፣ ወደ ዳር በመስቀል ሂዱ። በሦስት ዙር አድርጉት። የመጨረሻው 22 ከሆነ 8፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 22። የመጨረሻው ዙር ሳይቆም በአንድ ለስላሳ ስበት ይጠናቀቅ። መሃል ላይ ከቆማችሁ የቆመውን ብሎን እንደገና ለማንቀሳቀስ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጠቅታውም ያለቦታው ይመጣል። ያኔ ሩብ ዙር አላልታችሁ እንደገና ሳቡት። ሲፈታም ተቃራኒውን፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ሩብ ሩብ ዙር።

የካምሻፍት መያዣዎችን በተለየ ጥንቃቄ ያዙ። ባለ 6 ሚሊ ብሎኖች ናቸው። ከሥራቸው የቫልቭ ስፕሪንግ ካምሻፍቱን ወደ ላይ ይገፋል። አንዱን ጫፍ እስከ መጨረሻ ካጠበቃችሁ መያዣው ያዘነብላል። ከዚያ ወይ ጥርሱ ይላጣል፣ ወይ መያዣው ይሰነጠቃል። መያዣዎቹ ከቴስታታው ጋር አብረው ስለተሰረሰሩ ለብቻቸው ከሌላ ሞተር ወስዶ መግጠም አይሆንም። ስለዚህ ካምሻፍቱን ቫልቮቹ በትንሹ በሚጫኑበት አቅጣጫ አስቀምጡት። ሁሉንም ብሎኖች በጣት አስይዙ። ከዚያ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያፈራረቃችሁ አውርዱ። መያዣው ወለሉን እኩል ሲነካ ብቻ ሬንቹን አንሡ።

ቴስታታው ላይ ኮፍያ ያላቸው ዳዶዎች ካሉ ስታድ የሚባለው ዘንግ ኮፍያውን ከውስጥ አለመንካቱን አረጋግጡ። ከነካ ሬንቹ ይሞላል፣ ቴስታታው ግን ላላ ነው። የመዳብ ሮንዴላ ያለው ዳዶም ወደ ነበረበት ይመለስ። ብዙውን ጊዜ እሱ የዘይት መተላለፊያ ነው የሚዘጋው።

ለማን የትኛው?

አንድ ሞተር ብቻ ለመጠገን የተነሣ ሰው ትንሽ ባለ መርፌ ሬንች ወይም ሚዛንና ቁልፍ ይበቃዋል። ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ ያውርደው። ደጋግሞ የሚፈታ፣ ሻሲው ላይ እያለ የሚሠራ ሰው ትንሹን ጠቅታ ይያዝ፤ ትልቁን ቆይቶ ይጨምር። የተለያዩ አገሮች ማንዋል የሚያነብና ብዙ ሞተር የሚገጥም ሰው ዲጂታሉ ይክሰዋል። ለሁሉም ግን የሽቦ ጥቅል መጠገኛና የጃፓን ካቻቢቴ ሣጥኑ ውስጥ ይኑር።

ከተነሣ በኋላ

አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይሰፋል። ሞተሩ ሲሞቅ ቴስታታውን የያዙት የብረት ዘንጎች የበለጠ ይወጠራሉ። ስለዚህ በሞቀ ሞተር ላይ ቴስታታ አይጠበቅም። ሌሊቱን አድሮ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።

አዲስ ጋስኬት (በሁለት አካላት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በመጀመሪያዎቹ ሙቀቶች ይረጋል፣ ይሳሳልም። ብዙ የድሮ ማንዋሎች ቴስታታው ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ እንደገና እንዲጠበቅ ያዛሉ። ሁሉንም ዳዶ በአንድ ጊዜ አታላሉ። አንዱን ብቻ ትንሽ አላልታችሁ ወደ ቁጥሩ መልሱት። ከዚያ ወደ ሚቀጥለው፣ በዚያው በመስቀል ቅደም ተከተል። ከዚህ በኋላ የቫልቩን ክፍተት ለኩ። በዘንግ የሚገፉ ቫልቮች ባሏቸው ሞተሮች፣ በ1976 እንደወጣው ሆንዳ ሲጂ 125 ባሉት፣ ቴስታታው ትንሽ ዝቅ ሲል ዘንጎቹ ርዝመታቸው ስለማይለወጥ ክፍተቱ ይጠብባል። ክፍተቱን ቀድማችሁ ካስተካከላችሁት እንደገና መለካት ይኖርባችኋል።